ቲክቶክ የማን ደብር ነው?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በተካሄደ ማግስት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ የልጅ ልጄ ከጓሯችን ጉብታ ላይ ቆሞ «ፔንስልቬንያ ሄደች!» ብሎ ጮኸ።

በነፋስ መውጫ እንዲያ ብሎ የሚጮህ ሰው ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል። እኔ ጋቢዬን እየጎተትሁ፣ ባለቤቴ ጀበናዋን እሳት ላይ ትታ፣ ተከታትለን ከደጅ ወጣን።

«የማን ልጅ ናት?» አለች እሷ።

«ከማን ጋር ነው የሄደችው?» አልሁ እኔ።

«ከትራምፕ ጋር!» አለ ልጁ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንጋጦ።

«ሽማግሌ ሳይልክ?» አለች ባለቤቴ። ይህን ስንነጋገር ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። የዚያን ቀን ቡና ሳንጠጣ ዋልን።

እናንተዬ፣ ልጅ ፖለቲካ አይከታተል የምል ሰው አይደለሁም። እኔም ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ጆሮዬን ተክዬ የኖርሁ ነኝ። ብሶቴ ሌላ ነው። ይህ ልጅ፣ በክልላችን ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል በከረመበት ጊዜ ቤት ውሎ የቀረ ተማሪ ነው። ገብሱ ደርሶ ማጭድ ይጠብቃል፤ እሱ ጉብታ ላይ ቆሞ ኔትወርክ ይጠብቃል። አገራችን ስሟም እንደሚለው ነፋስ የሚወጣባት እንጂ ኔትወርክ የሚገባባት አይደለችም። ሰባቱን ወላዋይ ግዛቶች ግን እንደ ሰባቱ ምሥጢራት በቃሉ ይወጣቸዋል፦ ፔንስልቬንያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞና፣ ኔቫዳ። ከታች ጋይንት ወደ በሽሎ የሚወርደው መንገድ በየት በኩል ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ዝም ነው። የእስቴዋን መካነ ኢየሱስን ከስማዳዋ ወገዳ ጋር ያምታታል። የፔንስልቬንያ ዋና ከተማ ፊላደልፊያ ናት ብል ግን «ሃሪስበርግ ናት፣ አባባ» ብሎ ያርመኛል። በገዛ ቤቴ!

«ለመሆኑ ይህን ሁሉ ከማን ሰማህ?» አልሁት።

«ቲክቶክ ላይ።»

«ቲክቶክ የማን ደብር ነው?»

«ደብር አይደለም፣ አባባ፤ መተግበሪያ ነው።»

«መሪጌታውስ ማን ነው?»

«አልጎሪዝም ነው።»

«እሱስ ከማን ተማረ?»

«ከማንም። አንቱ ደስ ያለዎትን አይቶ፣ ያንኑ ደጋግሞ ያመጣልዎታል።»

«እንግዲያ መምህር አይደለም፤ አሽቃባጭ ነው» ብዬው ገባሁ።

ከዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ካልተናገርሁ ቁጣዬ ከየት እንደሚነሳ አይገባችሁም። እኔ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ጋይንትን ብርዳም ናት፣ ጭንጫ ናት ቢሏት አልከራከርም። ነገር ግን በአንድ ነገር አገር ሁሉ እጅ ይነሳታል። የድጓ ተማሪ፣ የትም አገር ይማር፣ ጋይንት ቤተልሔም መጥቶ ካላስመሰከረ እውቀቱ ሙሉ አይባልም። ዝማሬ መዋሥዕቱን ደግሞ ዙር አምባ ነው የሚያስመሰክረው። ማስመስከር ማለት ድምፅ ማሳመር አይደለም። መምህሩ ፊት ቁጭ ብለህ ምልክቱን አንድ በአንድ ታሳያለህ። ከማን እንደተቀበልህ ትጠየቃለህ፤ ያስተማረህም ከማን እንደተቀበለ የታወቀ ነው። እንዲህ እየተሳበ ሰንሰለቱ ቅዱስ ያሬድ ድረስ ይደርሳል። የቆማው ስልት ከቤተልሔሙ ይለያል፤ ግን አንዱ የአንዱን የእኔ ነው አይልም። ሁሉም የራሱን ዘር ያውቃል።

እኔስ አስመሰከርሁ ወይ? አላስመሰከርሁም። ጾመ ድጓው ላይ ስደርስ ረኀቡም የየመንደሩም ውሻ ስለበዛብኝ ጥዬ ወጣሁ። ግን ያቺ «ከማን ተቀበልህ?» የምትል ጥያቄ ውሻ እንደ ነከሰኝ ጠባሳ ቀርታብኛለች።

በኋላ ራዲዮ ገዛሁ። እኛ አሜሪካን ያወቅናት በጆሯችን ነው። የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ መናገር የጀመረው እ.አ.አ. በ1982፣ በደርግ ዘመን ነበር። ጋቢ ተከናንበን፣ ራዲዮውን በብብታችን ይዘን፣ ባለቤቴ በር በሩን እያየችልን ነበር የምንሰማው። በአጭር ሞገድ የሚመጣ ድምፅ ባሕር እንደሚሻገር ሰው ነው፤ አንዴ ይሰጥማል፣ አንዴ ብቅ ይላል። «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዛሬ...» ይልና ፉጨት ይውጠዋል። ምን እንዳደረጉ ሳናውቅ እናድራለን። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ሲብስበት በጥርሳችን ነክሰን እንመልሰዋለን። ጥርሴ የረገፈው በእርጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ለዓለም ፖለቲካ ነው የተሰዋ።

ልብ በሉ፣ ሥርዓት ነበረን። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ። በመካከሉ ባለው ጊዜ እራት ይበላል፤ ጀርመን ያለውን አሜሪካ ይደግመው እንደሆነ እንወራረዳለን። ሁለቱም አንድ ቃል ከሆኑ ማልዶ ለጎረቤት ይነገራል። አንዱ ብቻ ካለው «እንዲህ ይባላል» ተብሎ በሹክሹክታ ያልፋል። ይህን ማንም አላስተማረንም። ሁለት ምስክር ሳይኖር ዳኛ እንደማይፈርድ ግን ገበሬ ሁሉ ያውቃል።

ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አባባ፣ እሱ እኮ የአሜሪካ መንግሥት ራዲዮ ነው» አለ። መች ጠፋኝ? ደመወዙን መንግሥት እንደሚከፍል አውቃለሁ። ጭራሽ እ.አ.አ. በ1948 የወጣው ሕግ ይህ ራዲዮ ለገዛ አሜሪካውያን እንዳይሠራጭ ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የላላው በ2013 ነው። ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጠማቂዋ ራሷ ያልቀመሰችውን ጠላ እኛን ስታጠጣ ኖረች ማለት ነው! ግን ሌላም አውቃለሁ። እ.አ.አ. በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት ቻርተር ዜናው እውነተኛና ሚዛናዊ እንዲሆን ያዛል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. አቶ መለስ ዜናዊ የአማርኛውን ክፍል የሩዋንዳውን «ሚል ኮሊን» ራዲዮ ክፉ ልማድ ቀድቷል ብለው ሲከሱት፣ ሞገዱም ሲታፈን፣ የተቆጣው ያው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው የማታውቀውን ሰው ከምትሰማ፣ ከፋዩን የምታውቀውን ሰምተህ ከፋዩን ቀንሰህ ብታስብ ይሻላል። የቲክቶኩን ልጅ ማን እንደሚከፍለው ታውቃለህ? ስለው፣ «ተመልካች ነው» አለ። ባሰ!

የ2014 ዓ.ም.ን ጉድ ልንገራችሁ። ያኔ ልጁ ገና ድምፁ እየጎረነነ ነበር። አንድ ማታ እያለከለከ ገባና «አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ ሕግ አወጣች! ኤች.አር. 6600 አለፈ!» አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አጎቱ ቡድን ውስጥ የተጻፈ ነው አለ። መንደሩ ታመሰ። ስንዴው ሊቀር ነው ያለ አለ፤ ዲቪ ሊዘጋ ነው ያለች አለች፤ ጎረቤቴ ደግሞ ለቅዳሜ ገበያ ያቆየውን በሬ ዋጋ ባንድ ሌሊት ጨመረበት።

«አለፈ አልህ? በየትኛው በር አለፈ?» አልሁት።

«በምክር ቤት።»

አስቀመጥሁትና ሚስቴን ምስክር አድርጌ ነገሩን በጠላ አስረዳሁት። አንድ ረቂቅ መጀመሪያ ኮሚቴ ይገባል፤ ይህ ብቅል ነው። ኮሚቴው ከላከው 435 ሰዎች የተቀመጡበት የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ይሰጥበታል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከዚያ 100 ሰዎች ወዳሉበት ሴኔት ይሻገራል፤ ይህ ድፍድፍ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቃል ሲስማሙና ፕሬዚዳንቱ ሲፈርም ነው ጠላ የሚሆነው። ያ 6600 የተባለው ከውጭ ጉዳይ ኮሚቴ የወጣ ብቅል ነበር። ሙሉው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። የሴኔቱ አምሳያ ኤስ. 3199ም ከኮሚቴ ወጥቶ እዚያው ቆመ። የዚያ ኮንግረስ ዘመን ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያበቃ ሁለቱም አብረው ተቀበሩ። እኛ በብቅል ሰክረን አገር ስናምስ ነበር ማለት ነው።

አዲስ ነገርም አልነበረም። እ.አ.አ. በ2007 እንደራሴው ዶናልድ ፔይን በኢትዮጵያ ላይ ያቀረቡት ኤች.አር. 2003 የተወካዮችን ምክር ቤት ጭምር አልፎ ሴኔት ደጃፍ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ያለፈው ኤች.ሬስ. 128 ደግሞ በእርግጥ አልፏል፤ ግን እሱ የውሳኔ ሐሳብ እንጂ ሕግ አልነበረም። ተግሣጽ ነው። ተግሣጽ ያሳፍራል እንጂ አያስርም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተማሪ ስለ አሜሪካ ሺህ ቪዲዮ ቢያይ ምን ይጠቅመዋል? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሥሩ ደግሞ የተሰወረ አይደለም። ልጁ ራሱ በኋላ እንዳሳየኝ፣ ኮንግረስ ዶት ጎቭ በሚሉት ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር ብትጽፍ ማን እንዳቀረበው፣ የትኛው ኮሚቴ እንደያዘው፣ የት ደርሶ እንደቆመ ይነግርሃል። ገንዘብም አይጠይቅ። «ይህ እያለልህ ነው ከአጎትህ ቡድን የምትሰማው?» አልሁት። «እንግሊዝኛው ረዥም ነው» አለ። ድጓስ አጭር ነበር እንዴ?

ወደ ምርጫው ልመለስ። ልጁ ቡናችንን ካስገነፈለ በኋላ አያቱን ሊያስረዳ ተቀመጠ። ምናለ ባልተቀመጠ።

«ድምፅ የበዛለት ያሸንፋል» አለችው ባለቤቴ፣ ለማበረታታት ያህል።

«ሁልጊዜ አይደለም፣ እማማ። 538 መራጮች አሉ፤ 270 ያገኘ ነው የሚያሸንፍ። በፈረንጆቹ 2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች።»

«በልጣ ተሸነፈች?»

«አዎ።»

«እንዲህ እየሆኑ ነው ካርተርን የእኛን ምርጫ ታዘቡ ብለው በ97 የላኩብን?»

የላካቸው መንግሥት ሳይሆን የራሳቸው ማዕከል ነው ብዬ ላርማት አሰብሁና ተውሁት። ቡና ያልጠጣች ሴት አትታረምም።

«እሺ፣ ውጤቱን የሚናገረው የምርጫ ቦርዳቸው ነው?» አለች ቀጥላ።

«እንደኛ ያለ አንድ ቦርድ የላቸውም። የየግዛቱ ሹም ነው የሚቆጥር። በዚያ ሌሊት እገሌ አሸነፈ ብለው የሚያውጁት የዜና ድርጅቶች ናቸው። አሶሽየትድ ፕሬስ ከፈረንጆቹ 1848 ጀምሮ ይሄው ሥራው ነው።»

«ጋዜጠኛ ነው የሚያነግሠው?»

እኔ ግን ከዚህች ላይ ልጁን በልቤ አመሰገንሁት፤ ፊት ለፊት አላልሁትም እንጂ። አሶሽየትድ ፕሬስ ብሎ መጥራት ከቻለ ከአሽቃባጩ ሌላም በር ያውቃል ማለት ነው። እሱና ሮይተርስ ዜና በጅምላ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቀኝም ግራም ያለው ጋዜጣ ከእነሱ ይሸምታል። ለሁሉ የሚሸጥ ነጋዴ ቅመም አያበዛም። ሲ-ስፓን የሚባለውም አለ፤ እ.አ.አ. ከ1979 ጀምሮ የምክር ቤቱን ውሎ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል ያሳያል። እንቅልፍ ያመጣል ይላል ልጁ። እውነት አንዳንዴ እንቅልፍ ያመጣል፤ ቅዳሴስ አያመጣም?

ፎክስና እስከ 2025 እ.አ.አ. ኤም.ኤስ.ኤን.ቢ.ሲ. ይባል የነበረው ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱም እ.አ.አ. በ1996 የተወለዱ ሲሆን፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ቆመው የሚጮሁ ናቸው። አትስማቸው አልልም። በሽምግልና ስቀመጥ እኔም የሁለቱንም ወገን ጩኸት እሰማለሁ፤ የአንዱን ብቻ ሰምቼ የተነሳሁ ቀን ግን ሽማግሌነቴ ቀርቶ ጠበቃ ሆኛለሁ። ደግሞም ጩኸት ዋጋ አለው። ፎክስ ስለ 2020ው ምርጫ የሐሰት ወሬ በማሰራጨት ተከሶ፣ ለድምፅ መስጫ ማሽኑ ኩባንያ ለዶሚኒየን እ.አ.አ. በ2023፣ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። በእኛ አገር የወሬ ካሳ በዶላር ይከፈል ቢባል ጋይንት ውስጥ የሚተርፍ ከብት አይኖርም ነበር።

ባለቤቴ ግን ፍሬ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። «ፔንስልቬንያ ብትሄድ ባትሄድ፣ ለእኛ ምናችን ነው?» አለች። ይህን እኔም ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱ ግን ከምሁር አልመጣም፤ ከስማዳ መጣ።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት ወረዳዎች እኛም፣ ታች ጋይንትም፣ ስማዳም አለንበት። ሁለት እጆች የተጨባበጡበትን የአሜሪካ የስንዴ ከረጢትና የዘይት ቆርቆሮ የማያውቅ ቤት የለም። ቆርቆሮው ዘይቱ ሲያልቅ መስፈሪያ ይሆናል፣ ከረጢቱ ደግሞ የእህል መቋጠሪያ። በሰኔ 2023 እንደነሱ አቆጣጠር፣ እርዳታው ያለ አግባብ እየተሸጠ ነው ብለው አሜሪካኖቹ የምግብ እርዳታውን በመላ አገሪቱ ለወራት አቆሙ። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ደግሞ አዲሱ ፕሬዚዳንት ወንበራቸው ላይ በተቀመጡበት ቀን የውጭ እርዳታ ሁሉ ለዘጠና ቀን ይታገድ ብለው ፈረሙ። ከስማዳ የመጣ ዘመዳችን፣ ስልክ እንኳ የሌለው ሰው፣ «አሜሪካ መንግሥት ለውጣለች መሰለኝ» አለኝ። በምን አወቅህ? ብለው «በከረጢቱ» አለ። እንግዲህ የልጁ ጉብታ ላይ መቆም ሞኝነት ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲፈርም ስማዳ ያለ ጎተራ ይሰማዋል። ይህን ለልጁ አልነገርሁትም። ትዕቢቱ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ውርደቴ ልግባ።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ራዲዮዬን ከፈትሁ። አሜሪካ የለችም። ሹሹታ ብቻ። ባትሪ ድንጋዩ ነው ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በማግስቱም ሹሹታ። ልነክሰው ብል ጥርሱ የለም። ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ አራት አዲስ ገዛሁ፤ ማታ ያው ሹሹታ። ማልጄ ተመልሼ ሰው በተሰበሰበበት «የሞተ ድንጋይ ሸጥህብኝ!» ብዬ ደነፋሁ። ሰውዬው በመድኃኔ ዓለም ማለ። እኔም በዚያው ማልሁ።

ቤት ስገባ ልጁ «አባባ፣ ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ትራምፕ ራዲዮውን ዘግቶታል» አለኝ።

«ከማን ሰማህ?»

«ቴሌግራም ላይ።»

«ሂድ ወዲያ! የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአሜሪካን ድምፅ ይዘጋል? ሰው የገዛ ምላሱን ይቆርጣል?»

ሦስት ቀን ሙሉ አላመንሁትም። ደርግ ሊያፍነው ያልቻለውን፣ ኢሕአዴግ ያንጫጫበትን ሞገድ ባለቤቱ ራሱ ያጠፋዋል ብዬ በምን አቅሌ ልመን? በአራተኛው ቀን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅን ከፈትሁ፤ እሱ በዚያው በመጋቢት ወር የአማርኛ ስርጭቱ 60 ዓመት የሞላው አንጋፋ ነው። ነገሩን እሱም ተናገረው። መጋቢት 5 ቀን ትእዛዝ ተፈርሟል፤ በማግስቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ቤታችሁ ቆዩ ተብለዋል። እ.አ.አ. ከ1942 ጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንኳ ያልተቋረጠ ድምፅ ነበር። የቢቢሲን አማርኛ ገጽም ልጁ ከፍቶ አነበበልኝ። ሁለት ምስክር ቆመ። በራሴ ሕግ ተረታሁ።

ልጁ ግን አልፎከረብኝም። «አባባ፣ አዝናለሁ» ብቻ አለ። እሱ ባሰ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ጋዜጠኞቹ እነ ትዝታ በላቸው፣ እነ አዲሱ አበበ የቤታችን ሰዎች ነበሩ፤ መልካቸውን ሳናይ ሳላቸውን እናውቅ ነበር። ለቅሶ እንዳንቀመጥ አስከሬን የለም።

ባለሱቁንስ? ካሳ ይሁነው ብዬ ሁለት ድንጋይ ጨምሬ ገዛሁት። ስድስት ባትሪና የሚሰማ የሌለው ራዲዮ ይዤ ቀረሁ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ልጁ አንድ የዋሽንግተን ዳኛ፣ ሮይስ ላምበርት የሚባሉ፣ ራዲዮው ወደ ሥራው ይመለስ ብለው አዘዙ አለኝ። አሁን እኔም ተምሬአለሁ፤ ከሌላም አረጋገጥሁ፤ እውነት ነው። በዚያው ሳምንት ማኅበር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ «ዳኛው ይመለስ ብለዋል» አልሁ። ቃሌ ይህችው ናት። ይመለስ ብለዋል። ተመልሷል አላልሁም። ከዚያም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የትእዛዙን አንድ ክፍል አገደው፤ ይህን ግን የሚቀጥለው ማኅበር እስኪደርስ ማንም አልጠየቀኝም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከአርብ ገበያ የመጣ የእህል ነጋዴ ደጄ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያለዎት! የአሜሪካ ድምፅ ተመልሷል፤ ከዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው አሉ» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ከማን ሰማህ? ማለቱ ጠፋኝ። ስድስቱን ድንጋይ አሰለፍሁ፤ ጎረቤት ጠራሁ፤ ባለቤቴ ቆሎ ቆላች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ራዲዮውን ከፈትሁ። ሹሹ... ሹሹ...። ጎረቤቶቼ ቆሎውን ጨርሰው፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ነጋዴውን ያዝሁት። እሱ ከአውቶቡስ ረዳት ሰማሁ አለ። ረዳቱ ከእስቴ ከተሳፈረ መምህር ሰማሁ አለ። መምህሩን በስልክ አገኘነው፤ ደውሎ የጠየቀው ልጁ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እኔም እየሰማሁ። መምህሩ ከአንድ ደብተራ ሰማሁ አለ። «ደብተራውስ ከማን ሰሙ?» አለ ልጁ።

«ምንጩስ የታመነ ነው» አለ መምህሩ። «ነፋስ መውጫ ያሉ፣ ቤተልሔም ያስመሰከሩ አንድ ትልቅ የድጓ ሊቅ ማኅበር ላይ ሲናገሩ የሰማ ሰው ነው አሉ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ልጁ ስልኩን ዘጋና ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አባባ» አለ ልጁ፣ «መቼ ነው ያስመሰከሩት?»

ገብሱ ሳይታጨድ ቀርቷል ብዬ ወጣሁ። ግንቦት ላይ ነበርን።